የተሰፋችው ጀልባ፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ የመርከብ እድሳት ልማድና ታሪኩ

ጀልባ የሚለው ቃል ዛሬ በአማርኛ በውሃ ላይ የሚሄደውን ትንሽ መርከብ ሁሉ ያለ ልዩነት ይጠራበታል። በጣና ዳር ከደንገል ተጠፍሮ የሚሠራው የራሱ ስም አለው፤ ታንኳ ይባላል። በግዕዝ መጻሕፍትም የኖኅ ሆነ የነጋዴ፥ መርከብ ሐመር ነው። ጀልባ ግን ከሐይቅም ከመጽሐፍም የተገኘ ቃል አይደለም፤ ከባሕር ወደ ደጋ የወጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን በዓረብ ጸሐፊዎች ዘንድ ጀልባ ማለት በቀይ ባሕር ወደቦች መካከል የሚመላለስ፥ ሳንቃው በምስማር ሳይሆን በገመድ ተሰፍቶ የተያያዘ የአንድ የታወቀ መርከብ ስም ነበር። በ16ኛው ምዕት ዓመት ወደ ምጽዋና ወደ ሱዋኪን የመጡት ፖርቱጋሎችም ይህንኑ ስም ሰምተው በቋንቋቸው ጄልቫ ብለው ጻፉት። እንግዲህ የደጋው ሰው ባሕሩን ሳያይ ስሙን ወርሷል፤ ስሙ የተሰጠው ዕቃ ግን ከባሕሩ ጠፍቷል።

ስለዚች ስለ ተሰፋችው ጀልባ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው አሠራርዋ ነው። ይሁን እንጂ በገመድ የተሰፋ መርከብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም። በየወቅቱ ወደ የብስ እየተሳበ፥ እየተፋቀ፥ እየተቀባ፥ ስፌቱም እየተለወጠ የሚኖር ነው። የጥንት ሰዎች ለምን በገመድ ይሰፉ እንደ ነበረ ለማወቅ የሚሻም መሠራትዋን ብቻ ሳይሆን መታደስዋን መመልከት አለበት። በዚህ ነገር የቀድሞዎቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ተሳስተው አሳስተዋልና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ ይልቅ ያሳሳተው የቢዛንታዩ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ነው። በ6ኛው ምዕት ዓመት ስለ ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ ጦርነቶች ሲጽፍ፥ በሕንድና በዚህ ባሕር ላይ ያሉት መርከቦች እንደ ሌሎቹ አለመሆናቸውን ይናገራል። ቅጥራን አይቀቡም፤ ሳንቃቸውም በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ የታሰረ ነው። በዘመኑ የነበረው ወሬ፥ በዚያ ባሕር ውስጥ ብረትን ወደ ራሳቸው የሚስቡ ዓለቶች ስላሉ ምስማር ያለው መርከብ ይፈርሳል የሚል ነበር። ፕሮኮፒዮስ ይህን ተረት አልተቀበለም፤ ብዙ ብረት ያለባቸው የሮማውያን መርከቦች ከአይላ ተነሥተው በዚያው ባሕር ሲሄዱ ምንም አልደረሰባቸውም ብሎ በጥሩ ማስረጃ አፈረሰው። ከዚያ በኋላ ግን በተረቱ ፈንታ ሌላ ምክንያት አቆመ፤ ሕንዶችም ኢትዮጵያውያንም ብረት የላቸውም፥ ከሮማውያን እንዳይገዙም ሕጉ በሞት ይከለክላል አለ።

ሕጉ እውነት ነው፤ ሮማውያን ብረትና መሣሪያ ለውጭ ሰዎች እንዳይሸጥ ይከለክሉ ነበር። ምክንያቱ ግን አይጸናም። ከፕሮኮፒዮስ 500 ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ በ1ኛው ምዕት ዓመት እኩሌታ ገደማ፥ በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ የሚገባውን ዕቃ ሲቈጥር ብረትን ይጨምራል፤ ለዝሆን ማደኛና ለጦርነት የሚሆን ጦር ይሠራበት እንደ ነበረም ይገልጻል። ከሕንድም ብረትና ፖላድ ይመጣ ነበር። በአክሱም የተደረገው ቍፋሮም የብረት መሣሪያና ዕቃ በብዛት አሳይቷል። ዝሆን የሚገድል ጦር ያለው ሕዝብ ለሳንቃ የሚሆን ምስማር አጣ ማለት ከባድ ነው። ፕሮኮፒዮስ ስለ ኢትዮጵያውያን ብዙ የሰማ ሰው ነው፤ በዚህ ስፍራ ግን ልማድን ከድህነት ጋር አንድ አድርጎ ቈጥሮታል፤ ከእርሱም በኋላ ብዙዎች እንዲሁ አድርገዋል።

እውነተኛውን ምክንያት የሚያቀርበው ባሕሩን ራሱን የተሻገረ ሰው ነው። ከእንደሉስ ወደ መካ ይሄድ የነበረው ኢብን ጁበይር በ1183 በአይዛብ ወደብ ደርሶ የጀልባዎችን አሠራር ተመለከተ። በነሱ ላይ አንድ ምስማር ስንኳ እንደሌለ፥ ሳንቃቸው ከኮኮናት ፍሬ ቅርፊት በሚወጣ ቃጫ ተገምዶ በተሠራ ሲባጎ እንደሚሰፋ፥ በቴምር እንጨት ስንጣቂም እንደሚደፈን ይናገራል። ይህ ሁሉ ከተጨረሰ በኋላ በቅቤ፥ ወይም በጉሎ ዘይት፥ ወይም ሻርክ በሚባለው ትልቅ ዓሣ ዘይት ይቀባል፤ ከሦስቱ የሚበልጠውም የዓሣው ዘይት ነው ይላል። የቅባቱንም ዓላማ ሲያስረዳ፥ በዚያ ባሕር ዓለት ስለሚበዛ እንጨቱ እንዲለሰልስና እንዲለመጥ ነው ይላል፤ በምስማር የተመታ መርከብም ስለዚህ በዚያ አይሄድም። ሸራው ዶም የሚባለው ዘንባባ ቅጠል ተሰልሎ የሚሠራ ነበር። እንጨቱም ቃጫውም ከሕንድና ከየመን ይመጣ ነበር።

ቀይ ባሕርን በካርታ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምክንያት ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። ከምጽዋ እስከ ዳህላክ፥ ከዚያም እስከ ፈረሳን ድረስ ያለው ውሃ ግን በኮራል የተሞላ ነው። ኮራሉ ከባሕሩ ወለል እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ከውሃው ፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆማል። በእንዲህ ያለ ባሕር ትንሽ መርከብ ታችዋን መነካትዋ አይቀርም። በምስማር የተያያዘ ሳንቃ ሲመታ እንጨቱ በምስማሩ ዙሪያ ይሰነጠቃል፤ አንዱ ሲላቀቅም ጭንቀቱ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። በሲባጎ የተሰፋው ግን ይሳባል፥ ይታጠፋል፥ ከዚያም ወደ ቦታው ይመለሳል። ስፌቱ ቢበጠስም አንጥረኛ አያስፈልግም፤ ጀልባይቱ በማንኛይቱም ደሴት አሸዋ ላይ ልትወጣና የተበጠሰው ተመዝዞ በሌላ ሲባጎ ሊተካ ይችላል። የብረት ምስማር ደግሞ በጨው ውሃ ይዝጋል፤ በውስጥ ሲዝግም ከውጭ አይታይም። ገመድ የሚበሰብስ ቢሆንም መበስበሱን ለዓይን ያሳያል። ለባሕረኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የስፌቱ ሥራ እንዲህ ነው። ጀልባይቱ የምትጀመረው ከጎድኖችዋ ሳይሆን ከቆዳዋ ነው። ከአከርካሪው እንጨት ጀምሮ ሳንቃ በሳንቃ ላይ በጠርዙ ይቆምና በውስጥ በተሸሸገ የእንጨት ችካል ይያያዛል፤ ከዚያ በሁለቱ ሳንቃዎች ጠርዝ ትይዩ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። በመገጣጠሚያው ላይ ቃጫ እንደ ትራስ ይደረግበታል፤ ሲባጎውም በላዩ እየተመላለሰ ይጠብቃል። ሁለት ሰዎች ይሠሩታል፤ አንዱ ከውስጥ ሁለተኛው ከውጭ ሆኖ ይስባሉ። ቀዳዳው በትንሽ ችካል ይደፈናል። ጎድኖቹ የሚገቡት ቆዳው ቅርጹን ከያዘ በኋላ ነው። ለጎድን የሚፈለገው በተፈጥሮው የጎበጠ እንጨት ነው፤ በየመን ጠረፍ ደጋው ሰው ቁርቁራ የሚለው ዛፍ ለዚህ ይመረጥ ነበር።

ከዚህ አሠራር የሚመጣው ዕዳ ግን ከባድ ነው። ቃጫ በጨው ውሃ ብዙ ይታገሣል፤ ዘይት ካልጠጣ ግን ይደርቅና ይሰበራል። ስለዚህ የተሰፋች ጀልባ ባለቤት በየጥቂት ወሩ ስፌቱን ዘይት ማጠጣት፥ በየጊዜውም የላላውን ማጥበቅና መለወጥ አለበት። ይህን የማያደርግ ባለቤት ደግሞ እንደ ነበረ ራሱ ኢብን ጁበይር ይመሰክራል። የአይዛብ ሰዎች ሐጃጆችን በጀልባ ውስጥ እርስ በርሳቸው እስኪነባበሩ ድረስ ይጭኑ ነበር፤ ባለቤቱ የጀልባውን ዋጋ በአንድ ጉዞ ስለሚያወጣ ከዚያ በኋላ ባሕሩ ምን ያደርጋት ይሆን ብሎ አይጨነቅም ነበር። በ12ኛው ምዕት ዓመት በዚያ መንገድ የጠፋውን ነፍስ ለስፌቱ ድክመት ብቻ የሚሰጥ ሰው ፍርዱን ያዛባል። ዘይቱን ያስቀረው ባለቤት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ ዘንድ የአፄ ካሌብን ዘመቻ መመልከት ይገባል። የናግራን ክርስቲያኖች በዩሱፍ ዙ ኑዋስ እጅ ከተገደሉ በኋላ ካሌብ በ525 ባሕር ተሻግሮ ሒምያርን ወጋ። የቅዱስ ሒሩት ገድል ለዘመቻው የተሰበሰቡትን መርከቦች ከየት እንደ መጡ ለይቶ ይናገራል፤ ከአይላ 15፥ ከክሊስማ 20፥ ከኢዮታቤ 7፥ ከበረኒቄ 2፥ ከፈረሳን 7፥ ከሕንድ 9፤ ድምሩም 60 ይሆናል። እነዚህ የነጋዴዎች መርከቦች ነበሩ። በነሱ ላይ ንጉሡ ራሱ በክረምቱ 10 መርከብ እንደ ሕንድ አሠራር አሠራ። መርከቦቹም በአዱሊስ አጠገብ ጋባዛ በሚባለው ስፍራ ወደ የብስ እንዲሳቡ ታዘዘ።

ብዙዎች ይህን ሲያነቡ ቍጥሩን ብቻ ይወስዳሉ። ከቍጥሩ የሚበልጠው ግን ወደ የብስ መሳባቸው ነው። ለጦር የሚሆን መርከብ ክረምቱን በአሸዋ ላይ የሚያሳልፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከስድስት ልዩ ልዩ ወደቦች የመጡ፥ በአሠራራቸውም የተለያዩ፥ ከሮማውያን ወገን የሆኑት በምስማር፥ ከሕንድና ከደቡብ የመጡት በገመድ የተያያዙ መርከቦች በአንድ ዳርቻ ተሰልፈው ሲታደሱ የነበረውን የሥራ ብዛት ማሰብ ይቻላል። ሸክላ ቀጂና ወታደር ብቻ ሳይሆን ሲባጎ ገማጅ፥ ሳንቃ ጠራቢ፥ ዘይት አፍይ፥ እንጨት ጎታች ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ቀለብ መስጠት፥ ግመልና በቅሎ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ጠረፉ ረጅም ሳንቃ የሚወጣበት ዛፍ የለውም። የአክሱም መንግሥት ይህን መቻሉ ከጦርነቱ ድል ባላነሰ የመንግሥቱን ሥርዓት ያሳያል፤ ፕሮኮፒዮስ ምስማር የላቸውም ያላቸው ሰዎች ይህን በራሱ ዘመን ሠሩት።

ከ16ኛው ምዕት ዓመት ወዲህ በዚህ ባሕር ምስማር እየበዛ፥ ስፌት እየቀነሰ ሄደ። በተሰፋችው ጀልባ ፈንታ በምጽዋ፥ በዳህላክና በየመን ጠረፍ ጎልቶ የታየው ሳምቡክ ነው፤ አፍንጫው ዝቅ ብሎ እንደ ጎራዴ የሚወጣ፥ ኋላው ጠፍጣፋ፥ ምሰሶው ወደ ፊት ዘንበል ያለ፥ ሸራው ባለ አንድ ረጅም አግዳሚ ነው። ከእርሱ የሚያንሱ ሌሎችም አሉ፤ ሁሪ የሚባለው ከአንድ ግንድ የተቦረቦረ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ተሠርቶ ከሕንድ ይመጣ ነበር። ምስማሩ ቢገባም የእድሳቱ ሥርዓት ከጥንቱ ብዙ አልተለየም፤ ከቀይ ባሕር እስከ ዓረብ ባሕር ድረስም በጠቅላላው አንድ ዓይነት ነበር።

ሥራው የሚጀመረው በጨረቃ ነው። በምጽዋ አካባቢ የባሕሩ ሙላትና ጕድለት ልዩነት ከአንድ ሜትር ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ጀልባን ወደ ላይ ለማውጣት የሚቻለው ጨረቃ ስትወለድ ወይም ሙሉ ስትሆን፥ ሙላቱ በሚበረታበት ጊዜ ነው። ጭነቱ፥ ምሰሶው፥ ሸራውና የታችኛው የድንጋይ ሚዛን ሁሉ ይወርዳል። ባዶዋ ጀልባ በሙላቱ ወደ አሸዋው ትጠጋለች፤ ውሃው ሲሸሽም በጎንዋ ተጋድማ ትቀራለች። ትልቅ ከሆነች በድግምግሞሽ ግንድና በገመድ፥ ባሕረኞቹ እየዘፈኑ ይስቡዋታል፤ ዘፈኑ ጨዋታ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲስብ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ከዚያ ይፋቃል። ከውሃው በታች የነበረው ጎን አረንጓዴ ሣርና ቀንድ አውጣ መሳይ ቅርፊት ይሸፍነዋል፤ ይህ ካልተፋቀ ጀልባ ነፋስ ሞልቶላትም አትሄድም። ከቅርፊቱ የሚከፋው ግን የማይታየው ነው። በሞቃት ባሕር የሚኖር እንጨት ቦርቧሪ ፍጥረት አለ፤ ስሙ ትል ይባል እንጂ ከቀንድ አውጣና ከዛጎል ወገን ነው። ሲገባ ቀዳዳው የመርፌ ያህል ነው፤ በውስጥ ግን እያደገ ሳንቃውን እንደ ማር እንጀራ ይበሳዋል። ከውጭ ደህና የሚመስል ሳንቃ በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ባዶ ከሆነ ተበልቷል ማለት ነው፤ ተነቅሎ ይለወጣል። የቀረውም ከሥሩ በሚነድ እሳት በጥንቃቄ ይለበለባል፤ እሳቱ ትሉን ይገድላል፥ እንጨቱንም ያደርቃል። እዚህ ላይ ልምድ የሌለው ሰው መርከቡን ያቃጥላል።

ቀጥሎ የመገጣጠሚያው ስንጥቅ ይደፈናል። ጥጥ በዘይት ተነክሮ እንደ ፈትል ይጠመጠማል፤ በእንጨት መዶሻና በደነዘዘ መሮ እየተመታ ወደ ስንጥቁ ይገባል። ይህ የትዕግሥት ሥራ ነው። ጥጡ ሲላላ ውሃ ያስገባል፤ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ሳንቃው ውሃ ጠጥቶ በሚያብጥበት ጊዜ ምስማሩን ይነቅላል። ደፋኙ የሚያምነው ጆሮውን ነው፤ የመዶሻው ድምፅ ሲጠነክር ይበቃል ይላል።

ከውሃ በታች ያለው ጎን የሚቀባው ኖራና ሞራ ነው። ኖራው በጠረፉ ላይ ከኮራል ድንጋይ ወይም ከዛጎል ይቃጠላል፤ የምጽዋ ቤቶችም በዚሁ የተለሰኑ ናቸው። የበግ ወይም የበሬ ሞራ በድስት ቀልጦ ከኖራው ጋር ይለወሳል፤ በትኩስነቱም በእጅ መዳፍ ይለቀለቃል፤ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። ይህ ቅባት ተራ ማስጌጫ አይደለም። ኖራና ስብ በሙቀት ሲገናኙ በውሃ የማይሟሟ የሳሙና ዓይነት ይፈጥራሉ፤ እርሱም ትሉን ይከለክላል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ በጥቂት ወር ውስጥ ይበላል፤ ሥራው ሁሉ እንደ ገና ይጀመራል። ከውሃ በላይ ያለው ጎን ኖራ አይነካውም፤ ኢብን ጁበይር ያመሰገነውን የሻርክ ጉበት ዘይት ይጠጣል። ሽታው ከሩቅ የሚጠራ ነው፤ የጠረፉ ሰው ግን ለምዶታል፤ ዘይት የማይሸትትን ጀልባም አያምናትም።

ወደ ባሕር ከመውረድዋ በፊት የመጨረሻው ፈተና ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ውሃ ከውጭ እንዳይገባ ለማየት ውሃ በውስጥ ይፈስሳል። ጀልባይቱ ገና በአሸዋ ላይ ሳለች በሆድዋ ውሃ ይጨመርና በውጭ የሚያንጠባጥበው ቦታ ምልክት ይደረግበታል፥ ይደፈናል። እንዲህም ሆኖ በወረደች በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ማስገባትዋ የታወቀ ነው፤ በፀሐይ የደረቀው ሳንቃ ውሃ ጠጥቶ እስኪያብጥና እርስ በርሱ እስኪጋጠም ድረስ ሌሊቱን እየቀዱ መጠበቅ ግድ ነው። በዚህ ሌሊት ቸኩሎ የሚጭን ናኾዳ የአንድ ወር ድካሙን በአንድ ቀን ያጠፋዋል።

የጊዜው ምርጫ ደግሞ የነፋስ ጉዳይ ነው። በቀይ ባሕር ደቡባዊ እኩሌታ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ፥ በክረምቱ ወራት ግን ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። በሰሜናዊው እኩሌታ ዓመቱን በሙሉ የሚበረታው የሰሜኑ ነፋስ ነው። ስለዚህ ወደ ጅዳ የሚሄድና ወደ ኤደን የሚሄድ ሰው ጀልባውን የሚያወርድበት ወር አንድ አይደለም፤ እድሳቱ ከነፋሱ መለወጫ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። የዘገየ ባለቤት ሳንቃው ደህና ሆኖ ወሩ ያልፍበታል።

ለዚህ ታሪክ የመሬትም ምስክር አለው። በግብፅ ጠረፍ በቁሰይር አል ቀዲም በመካከለኛው ዘመን የነበሩ ሰዎች የአሮጌ ጀልባ ሳንቃ በመቃብር ላይ ይከድኑ ነበር፤ የስፌቱ ቀዳዳና ሲባጎው፥ የተቀባውም ቅጥራን መሰል ነገር በሳንቃዎቹ ላይ ተገኝቷል። እንዲህ ከሆነ ቅጥራን አይቀቡም የሚለው የፕሮኮፒዮስ ቃል ቢያንስ ለሁሉም ጊዜና ቦታ የሚሆን አይደለም። በኤርትራ ጠረፍ አጠገብ ባለችው ጥቁር አሳርካ ደሴት ከአዱሊስ ዘመን የሆነ የሰመጠ መርከብ በ1997 ተቈፍሮ ብዙ እንስራ ወጥቶበታል። በ1998 በኢንዶኔዥያ በቤሊቱንግ የተገኘው የ9ኛው ምዕት ዓመት መርከብ ደግሞ ያለ ምስማር የተሰፋ ነበር፤ ከእንጨቱም አፍሪካ የሚበቅል ዛፍ ተለይቶበታል፤ ሸክሙ ግን የቻይና ሸክላ ነበር። በሲባጎ የተያዘ ሳንቃ እስከዚያ ድረስ ይዘልቃል።

በጠረፉ የሳምቡክን ኑሮ ያደከሙት ብዙ ነገሮች ናቸው። የዳህላክ ዕንቍ ገበያ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የጃፓን ሰው ሠራሽ ዕንቍ ሲመጣ ወደቀ። ከዚያም ሞተር ሸራን ተካ፤ ሞተር የሚገፋት ጀልባ ነፋስ ስለማትጠብቅ የእድሳቱ ወር ትርጕሙን አጣ፤ ፋይበርግላስ ሲመጣ ደግሞ ኖራውም ሞራውም ጥጡም አላስፈለገም። በመካከሉም ምጽዋ ረጅም ጦርነት አየች፤ ከ1993 ወዲህም የኤርትራ ወደብ ናት።

ስፌቱን እንደ ገና ለመፈተን የተደረገው ሙከራ የመጣው ከዖማን ነው። ሶሐር የተባለች ያለ ምስማር የተሰፋች መርከብ በ1980 ከሙስካት ተነሥታ በ1981 ቻይና ደረሰች፤ በ2010 ደግሞ ከቤሊቱንጉ መርከብ ተቀድታ የተሠራችው የሙስካት ዕንቍ ሲንጋፖር ገባች። ሶሐር ታችዋን በኖራ ተለቅልቃ፥ ስፌትዋ ዘይት እየጠጣ ነው የሄደችው። ለስፌቱ የተፈለጉት ባለሙያዎች የተገኙት በሕንድ በላክሻድዊፕ ደሴቶች ነው፤ በዚያ ስፌት ገና በእጅ የሚሠራ ሥራ ነበርና።